ቃሏ አፌ ላይ መጥታ ትጠፋለች

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 48 ነው፤ የሳይንስ መምህርት ነኝ። ባለፈው ሳምንት ውሃ ሲሞቅ ምን እንደሚሆን ለልጆቹ ሳስረዳ "ትነት" የምትለው ቃል ጠፋችብኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ስላት የኖርኩት ቃል! አፌ ላይ መጥታ እምቢ አለች፤ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። በመጨረሻ የነገረችኝ ከፊት የተቀመጠች ተማሪ ናት። የወር አበባዬ ከተዛባ ዓመት አልፎታል፤ አንዴ ሁለት ወር ይቀራል፣ አንዴ በሃያ ቀን ይመጣል። ሌሊት ሁለት ሦስቴ በላብ ተዘፍቄ እነቃለሁ። እናቴ ሰባን ካለፈች በኋላ የመርሳት በሽታ ይዟት፣ እኔን ልጇን ሳታውቀኝ ነው ያረፈችው። እየጃጀሁ ይሆን? ጓደኛዬ የሆርሞን መድኃኒት ጀምራ "አእምሮዬን ከፈተልኝ፣ አንቺም ጀምሪ" ትለኛለች። የ55 ዓመቱ ባለቤቴ ደግሞ "ለማስታወስ ይረዳል" ብሎ ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ከኢንተርኔት ሊያዝ ነው። የ20 ዓመቷ ልጄም የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር "ጭንቅላቴ ተዘጋ፣ ማጥናት አልችልም" ትላለች። ቤታችንን ሆርሞን የሚያስተዳድረው ነው የሚመስለው። እስቲ ይምከሩኝ። ደግሞስ እንዲህ ስሆን ለተማሪዎቼ ምን እላቸዋለሁ?

ትነት ያመለጠቻት»

እህቴ፣ ቃሏ እንደ ስሟ ተነነችብሽ ማለት ነው። አትቀየሚኝ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ፤ የሳቅኩት ግን በራሴ ነው። በ50 ዓመቴ የገዛ እህቴን ልጅ ለእንግዳ ሳስተዋውቅ ስሟ ድርግም ብሎ ጠፋኝ። «ይቺ ደግሞ የኔ ቆንጆ ናት» ብዬ ላልፍ ሞከርኩ። እንግዳው አለፈኝ፣ ልጅቷ ግን አላለፈችኝም፤ እስከ ዛሬ ባገኘችኝ ቁጥር «ስሜን ንገሪኝ» እያለች ትፈትነኛለች።

ዋናው ጥያቄሽ «እየጃጀሁ ይሆን?» የሚለው ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አንቺንም አይቼ አልመረመርኩሽም። ደብዳቤሽን ግን ሁለቴ አንብቤዋለሁ። ቃሏ ጠፋችብሽ እንጂ ነገሩ አልጠፋብሽም፤ ልጅቷ ስትነግርሽ ወዲያው ለይተሻታል። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ጠመኔው እጅሽ ላይ እንደነበረ፣ ልጅቷ የት እንደተቀመጠች ሳይቀር ጽፈሽልኛል። የመርሳት በሽታ የጀመረው ሰው ብዙውን ጊዜ መርሳቱን ራሱ ይረሳዋል፤ እሱ ደህና ነኝ ይላል፣ የሚጨነቁት አጠገቡ ያሉት ናቸው። አንቺ ቤት የምትጨነቂው አንቺ ነሽ። የእናትሽም ሕመም የጀመረው ከሰባ በኋላ ነው። ከወላጅ ወደ ልጅ በአንድ ዘረ መል የሚተላለፈው ዓይነት እጅግ ጥቂት ነው፤ እሱም የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ገና በአርባዎቹና በሃምሳዎቹ ነው። በስተርጅና የሚመጣው ግን ልጅ ላይ ስጋቱን በመጠኑ ከፍ ቢያደርግም የተጻፈ ዕጣ አይደለም።

ታዲያ ምንድን ነው የያዘሽ? ወደ ማረጥ የሚወስደው የሽግግር ጊዜ ላይ ነሽ ብዬ እገምታለሁ። የተዛባ የወር አበባ፣ የሌሊት ላብና አፍ ላይ መጥቶ የሚጠፋ ቃል አንድ ላይ ከመጡ ብዙ መላምት አያስፈልግም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከሦስት ሺህ በላይ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ያሉ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት አለ (ከዚህ በታች የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ሰው አንድን የማስታወስ ፈተና ደጋግሞ ሲወስድ ውጤቱ መሻሻል አለበት፤ ይህን ከማንም በላይ መምህር ታውቀዋለች። በ2009 የወጣው የዚያ ጥናት ውጤት እንደሚለው፣ ሴቶቹ ሽግግሩ ውስጥ ሳሉ ይህ ከመደጋገም የሚገኘው መሻሻል ደከመባቸው። ማረጡ ካለፈ በኋላ ግን ተመለሰ። እኔ ከጥናቱ ሁሉ ልቤን ያሳረፈልኝ ይህ መመለሱ ነው።

የሳይንስ መምህርት ስለሆንሽ አሠራሩን ሳልነግርሽ ባልፍ ትቀየሚኛለሽ። ሰው ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲነሣ ሐሳቡ ከወገብ በታች ይወርዳል፤ ማህፀን፣ እርግዝና፣ ወሊድ። ሆርሞኑ ግን ከኮሌስትሮል የሚሠራ፣ ስብ ውስጥ የሚሟሟ ጥቃቅን ነገር በመሆኑ አንጎልን የሚጠብቀውን አጥር ያለ ፈቃድ ያልፋል። እዚያም የሚቀበሉት በሮች አሉት። በሮቹ በብዛት ካሉባቸው ቦታዎች አንዱ ሂፖካምፐስ ነው፤ ከጆሯችን ወደ ውስጥ ጠልቆ የተጠቀለለ፣ የባሕር ፈረስ የሚመስል፣ አዲስ ነገርን መዝግቦ የሚያስቀምጥ ክፍል። በ1990 ካትሪን ዉሊ፣ ብሩስ ማክዩንና ባልደረቦቻቸው የሴት አይጦችን ሂፖካምፐስ በአጉሊ መነጽር ሲያዩ ያገኙት ነገር ብዙዎችን አስገርሟል። የነርቭ ሴል ቅርንጫፎች ላይ ጥቃቅን ጉጦች አሉ፤ አንዱ ሴል ከሌላው ጋር የሚገናኘው በእነሱ ነው። የአይጧ ዑደት አራት ወይም አምስት ቀን ነው። በዚያች አጭር ዑደት ውስጥ ኢስትሮጅን ከፍ ሲል ጉጦቹ ይበዛሉ፤ ሲወርድ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ። እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ያደገ አንጎልን እንደ ደረቀ ሲሚንቶ ነበር የሚያስቡት። አይጥ ሰው አይደለችም፤ ቢሆንም ጥያቄውን የከፈተችው እሷ ናት።

ሁለተኛው ነገር፣ ኢስትሮጅን በሽግግሩ ጊዜ እንደ ጀምበር ቀስ ብሎ አይጠልቅም። ሊቃጠል እንደደረሰ አምፖል ቦግ እልም ይላል፤ አንዱን ወር ከወጣትነትሽ ይበልጣል፣ በሌላው ወር ይጠፋል። አንጎል ዝቅታውን ሳይለምደው አይቀርም፤ ይበልጥ የሚያናውጠው መዋዠቁ ይመስላል። ስለዚህ «ሆርሞኔን ልለካ» ብለሽ ገንዘብሽን አታባክኚ። በአንቺ ዕድሜ፣ እንዲህ ግልጽ ምልክት እያለ፣ የአንድ ቀን የደም ምርመራ የዚያን ቀን ብቻ ነው የሚነግርሽ።

ሦስተኛውና እኔ ከሁሉ በላይ የምጠረጥረው እንቅልፍሽን ነው። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው የሴት ሆርሞን ሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ አሎፕሬግናኖሎን የሚባል ነገር ይሆናል፤ እሱም አንጎልን ያረጋጋል፣ ያስተኛል። የዚህ ነገር ኃይል ቀላል እንዳልሆነ የምታውቂው፣ በ2019 ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ የመንፈስ ጭንቀት ታስቦ አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ይኸው ራሱ መሆኑን ስትሰሚ ነው። የእንቁላል መውጣት ሲዛባ ፕሮጄስትሮኑም አብሮ ይጎድላል። በላዩ ላይ ላቡ በሌሊት ሁለት ሦስቴ ይቀሰቅስሻል። ቀን የተማርነውን ሂፖካምፐስ አደራጅቶ የሚያስቀምጠው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ፣ መዝጋቢውን በየሰዓቱ እየቀሰቀስሽ ጧት መዝገቡ ጎደለ ማለት አይሆንም። ቆዳ ላይ በተለጠፈ መሣሪያ በሌሊትና በቀን ድንገት የሚመጣባቸው የሙቀት ስሜት የተቆጠረላቸው ሴቶች ላይም፣ ሙቀቱ የበዛባቸው የቃላት ማስታወስ ፈተና ላይ ዝቅ ብለው ታይተዋል።

በነገራችን ላይ ቋንቋችን እዚህ ላይ ከብዙ መጽሐፍ ይሻላል። «ረሳሁ» አለ፣ «ልብ አላልኩም» ደግሞ አለ። ቁልፍሽን የት እንዳስቀመጥሽ ሲጠፋሽ ብዙ ጊዜ የሆነው ሁለተኛው ነው። ያልተኛ ሰው ልብ አይልም፤ ያልተመዘገበ ነገር ደግሞ አይረሳም፣ መጀመሪያውኑ አልነበረም።

ወደ ጓደኛሽ ምክር ልምጣ። የሆርሞን ሕክምና ታሪኩ ሁለት ጊዜ የተገለበጠ ነው። በፊት ለሴት ሁሉ የወጣትነት መድኃኒት ተብሎ ይሰጥ ነበር። በ2002 አንድ ግዙፍ የአሜሪካ ጥናት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን (ፕሮጄስትሮንን የሚተካ ሰው ሠራሽ ሆርሞን) አብረው የሚወስዱ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር፣ የስትሮክና የደም መርጋት ጭማሪ አይቶ ያንን ክፍል ከጊዜው በፊት አቆመው። በ2003 ደግሞ የዚያው ጥናት ቅርንጫፍ የመርሳት በሽታን ቆጠረ። ከ4,500 በላይ ከሆኑት ተሳታፊዎች መካከል መድኃኒቱን ከወሰዱት 40፣ ማስመሰያውን (መድኃኒት የሌለበትን ክኒን) ከወሰዱት 21 ሴቶች በሽታው ታየባቸው። እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ወሬው ሲናኝ ስንቷ ሴት መድኃኒቷን ሽንት ቤት እንደጣለች እኔ አውቃለሁ፤ አንዷ ታላቅ እህቴ ነች።

ብዙዎቻችን ያልሰማነው ግን በዚህ ቅርንጫፍ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ እንደነበረ ነው። ካረጡ ዓመታት ያለፋቸው ናቸው። በቅርቡ ያረጡ ሴቶችን ለአራት ዓመት የተከታተለና በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት መድኃኒቱ ማስታወስን አልጎዳም፣ አልጠቀመምም አለ። እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይኸውልሽ፦ ለማስታወስ ብለሽ አትጀምሪው። ለላቡና ለእንቅልፉ ከሆነ ግን ከሐኪም ጋር ተነጋግረሽ ልትጀምሪው ትችያለሽ፤ ለዚያ ችግር ከእሱ የሚበልጥ መድኃኒት የለም፣ ከ60 በታች ለሆነችና ካረጠች አሥር ዓመት ላልሞላት ጤነኛ ሴትም ጥቅሙ በአመዛኙ ከጉዳቱ ይበልጣል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት ሕመም ካለብሽ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ከፈሰሰሽ አስቀድመሽ ተናገሪ፤ ያኔ ነገሩ ይለወጣል። ማህፀንሽ ያለ ከሆነም ኢስትሮጅን ብቻውን አይሰጥሽም፤ የማህፀን ግድግዳን ስለሚያወፍርና ለካንሰር ስለሚያጋልጥ ፕሮጄስትሮን ይታከልበታል። ስለዚህ የጓደኛሽን ክኒን ተካፍለሽ እንዳትሞክሪ። እሷ «አእምሮዬን ከፈተልኝ» ማለቷን አልክድም፤ ብትጠይቂያት ግን ከጀመረች ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ እንደምትተኛ ትነግርሽ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልለይ፤ ማረጥ የመጣባት በቀዶ ሕክምና እንቁላል ማምረቻዋ ገና በወጣትነቷ ስለወጣ ከሆነ፣ የእሷ ነገር ከአንቺ ይለያል። ሆርሞኑ በአንድ ቀን ነው የሚቋረጥባት፤ ኋላ ላይ ለማስታወስ ችግር የመጋለጧ ነገርም ከፍ ብሎ ታይቷል። እንዲህ ላለችው ሐኪሞች፣ የሚከለክላት ሕመም ከሌለ፣ በተፈጥሮ ታርጥበት እስከነበረው ዕድሜ ድረስ እንድትወስድ ይመክራሉ። ይህን የጻፍኩት ለአንቺ ሳይሆን ይህን ዓምድ ለምታነብ ሌላ ሴት ነው።

አንቺን ደግሞ ሌላ ነገር ላስታውስሽ። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ የወር አበባ ሳታዪ እስካልቆየሽ ድረስ አርጠሻል አይባልም፤ ማርገዝ ትችያለሽ። ሳቂ ግን ልብ በይ።

ባለቤትሽ አዲስ ነገር ያገኘ ይመስለው ይሆናል፤ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ቀድመውታል። በ1889 ፓሪስ ውስጥ ሻርል ብራውን ሴካር የሚባል የታወቀ ሳይንቲስት፣ በ72 ዓመቱ፣ ከውሻና ከጊኒ ፒግ የዘር ፍሬ የተጨመቀ ፈሳሽ ራሱን ወግቶ «ጉልበቴም አእምሮዬም ታደሰ» ብሎ ለባልደረቦቹ አወጀ። ብዙ ሰው ተከተለው። ቴስቶስትሮን ግን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም፤ በጭማቂው ውስጥ ለውጥ የሚያመጣ ያህል እንኳ አልነበረም። ያደሰው ተስፋው ነው። ሆርሞኑ ራሱ ተለይቶ ስም ያገኘው በ1935 ነው።

አሁን ያለው እውነተኛው ሆርሞን ቢሆንስ? ይህም ተሞክሯል። ዕድሜያቸው 65ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ቴስቶስትሮናቸው ያነሰና ማስታወሳቸው የደከመ 493 ወንዶች ለአንድ ዓመት ግማሹ እውነተኛውን ቅባት፣ ግማሹ ማስመሰያውን ተቀቡ። በ2017 ውጤቱ ሲወጣ በማስታወስ ረገድ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልነበረም። እነዚያ ሆርሞናቸው ማነሱ የተረጋገጠ ሰዎች ናቸው፤ ባለቤትሽ የራሱን መጠን እንኳ አያውቅም። ከውጭ ሲገባ ደግሞ ሰውነት የራሱን ማምረት ያቆማል፣ የዘር ፍሬው ይሟሽሻል፣ ደሙ ይወፍራል። ኢንተርኔት ላይ ከማዘዙ በፊት ሐኪም ያማክር። እምቢ ካለሽ፣ የወንድ አንጎል ከቴስቶስትሮኑ የተወሰነውን ወደ ኢስትሮጅን እየለወጠ እንደሚጠቀምበት ንገሪው። አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም ነው ሥራውን የሚሠራው። የእኔው ባለቤት ይህን ሲሰማ ለአንድ ቀን ዝም ብሎኛል።

የልጅሽን ነገር በአጭሩ። በ2025 ከመቶ በላይ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሥራ የወር አበባ ዑደት የሴትን የማሰብና የማስታወስ ችሎታ ወጥ በሆነ መልኩ እንደሚለውጥ ማስረጃ አላገኘም። በሌላ በኩል አንዲት ሴት 30 ቀን በተከታታይ አንጎሏን በማሽን ስትነሣ የአንጎል ክፍሎች ግንኙነት ከሆርሞኗ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ታይቷል፤ በ2020 የወጣ ነው። ሁለቱ አይጣሉም። ውስጡ ይንቀሳቀሳል፣ ሥራው ግን ይሠራል። ስለዚህ በየወሩ ጭንቅላቷ እንደሚዘጋ አምና እንዳታድግ። ሕመሟን ግን አታቃልይባት፤ ቁርጠት ያለባትና ያልተኛች ልጅ ማጥናት ቢያቅታት ሆርሞኗ ሞኝ ስላደረጋት አይደለም። ደሟ ብዙ የሚፈስ ከሆነ የብረት ማዕድን እጥረት ትመርመር፤ ያ በእውነት ያደክማል፣ ትኩረትም ይነሣል። ሕመሙ ከክፍል የሚያስቀራት ከሆነ ደግሞ የማህፀን ሐኪም ይያት።

አንቺም ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ሁሉን በማረጥ አሳብበን ሌላ በሽታ እንዳናሳልፍ። የታይሮይድ እጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የደም ማነስ፣ የመንፈስ ጭንቀትና እያንኮራፉ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ መቆራረጥ ሁሉም ቃል ያስጠፋሉ፣ ሁሉም ይታከማሉ። የምትወስጃቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ይዘሽ ሂጂ። በተለይ ለእንቅልፍ ብለሽ የአለርጂ ክኒን የምትውጪ ከሆነ፣ አንዳንዶቹ ራሳቸው ማስታወስን ያደበዝዛሉ። የደም ግፊትሽን ተለኪ። በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን የመርሳት በሽታን ሊያመጡ የሚችሉና ልናስተካክላቸው የምንችል 14 ነገሮችን ዘርዝሯል፤ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት መቀነስ፣ ሲጋራ፣ እንቅስቃሴ ማጣት፣ ብቸኝነት እያለ ይሄዳል። ማረጥ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። የእናትሽ ነገር የሚያስፈራሽ ከሆነ ፍርሃትሽን ወደዚያ አዙሪው።

በምታውቂው መንገድ ላይ ከጠፋሽ፣ አንድን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግመሽ እየጠየቅሽ ሰዎች ከነገሩሽ፣ ስትሠሪው የኖርሽው ሥራ ቅደም ተከተሉ ከተምታታብሽ፣ ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ነገሩ ከባሰ፣ «እትዬ ደህና ነሽ ብላኛለች» ብለሽ አትቀመጪ። ንግግርሽ በድንገት ተዘግቶ ፊትሽ ከተጣመመ ወይም እጅሽ ከዛለ ግን ቀጠሮ የሚያስይዝ ነገር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ተማሪዎችሽን በተመለከተ፣ የእኔን «የኔ ቆንጆ» ዓይነት መላ አልመክርሽም፤ ይነቁብሻል። ከመግባትሽ በፊት የዕለቱን አምስት ስድስት ዋና ቃላት በሰሌዳው ጥግ ጻፊያቸው፤ ለእነሱም ይጠቅማል። ያም ሆኖ ከጠፋሽ «ይህን ምን ብለን ነበር የምንጠራው?» በይ። ሌላ ሰው እንዲህ ሲጠይቅ ረሳ ይባላል፤ መምህር ስትጠይቅ ማስተማር ነው። ያቺ ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ታድንሻለች። ስሟን ግን ደብዳቤሽ ላይ አልጻፍሽውም፤ ማን ነበር?